ከሁለተኛው ኮረብታ ወዲያ

ሚያዝያ 3

ለአክስቴ ልጅ ለሚጣ፣

እንደምን ከረምሽ? ፈጣሪ ይመስገን፣ ከጉልበቴና ከአለቃዬ በቀር ሁሉም ደህና ነው። እናትሽም ደህና ናት፣ እንደ ልማዷ ጎረቤት ትመክራለች፣ ትቆጣለች፣ ታስታርቃለች።

ስልክ ደውልልኝ ያልሽው ይቅርብኝ። ቀኑን ሙሉ ድምፄን ለመንግሥት ሸጬ ቤቴ ስገባ የምፈልገው ዝም ማለት ነው። በታችኛው መንደር ደግሞ ስልክ አይሠራም። ደብዳቤሽን ቅዳሜ ቅዳሜ ይዤ ወርጄ ለእናትሽ የማነብላት እኔ ነኝ፤ ለእሷ የሚሆነውን አነባለሁ፣ ለእኔ የጻፍሽውን እውጣለሁ።

ስለ ግሉ ሬዲዮ ጣቢያ የጻፍሽውን ሦስት ጊዜ አነበብኩት። አርባ ሰው ሆናችሁ አክሲዮን ገዝታችሁ፣ እዚህ ካሉት ነጋዴዎች ጋር ተጋግዛችሁ ፈቃድ አውጥታችኋል። ጎሽ። እኔንም የመንግሥቱን ጣቢያ ትተህ ና ትሉኛላችሁ። ጡረታ ለመውጣት ዓመት ከመንፈቅ ነው የቀረኝ፤ አሁን ብለቅ ጡረታዬ ይጎዳል። ያም ሆኖ እምቢ አላልኩም፣ ለምን እንዳላልኩ ልንገርሽ።

ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ተኩል ላይ የወንዙን ከፍታ የማነበው እኔ ነኝ። ላይኛው ድልድይ ላይ ያለው ውሃ ለኪ ይደውልልኛል፣ ቁጥሩን ወረቀት ላይ እጽፋለሁ፣ አነባለሁ። የታችኛው መንደር ሰው ያንን ሰምቶ ነው ከብቱን የሚያወርደው ወይም ልጁን አዝሎ ዳገት የሚወጣው። ድልድዩ ጋ የታየ ውሃ መንደሩ እስኪደርስ ሁለት ሰዓት ይፈጅበታል። ለሰማ ሰው ሁለት ሰዓት ብዙ ነው። ግን ቁጥሩ አራት ሜትር ካለፈ «ሕዝብ የሚያሸብር ዜና» ይባልና ያለ ኃላፊው ፊርማ አይነበብም።

ካቻምና ለኪው አራት ሜትር ከሠላሳ ብሎ ደወለ። ኃላፊው ስብሰባ ላይ ነበር። ወረቀቱን ይዤ በሩ ላይ ቆምኩ። ጸሐፊዋ «ጋሼ፣ እርስዎ ቢገቡ የምባረረው እኔ ነኝ» አለችኝ። በሦስት ሰዓት ወጣ፣ ፈረመ፣ «ጥሩ አድርገህ አንብበው» አለኝ። ጥሩ አድርጌ አነበብኩት። ውሃው መንደር የገባው በሁለት ተኩል ነበር። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ የሚባለው እኔ ነኝ። ሦስት ሰው ሞተ፣ አንደኛው የአናጢው ልጅ ነው። አባትየው እስከ ዛሬ ሰላም ሲለኝ እጄን አጥብቆ ይይዛል፣ እኔ ግን ዓይኑን ማየት አልችልም።

ስለዚህ ስለ ደመወዙ አትጻፊልኝ። አንድ ነገር ብቻ መልሺልኝ። በእናንተ ጣቢያ ቁጥሩ አራት ሜትር ሲያልፍ የሚፈርመው ማን ነው?

እናትሽ የሬዲዮኗ ክዳን ወልቆ በላስቲክ አስራው ነው የምትሰማው። ከቻልሽ አንድ ላኪላት፣ አደራ። ፈጣሪ በሰው አገር መንገድሽን ያቅናልሽ።

ያጎትሽ ልጅ


ግንቦት 20

ለማከብርህ ጋሼ፣

ጤና ይስጥልኝ። ጉልበትህን ፈጣሪ ያጽናው፣ አለቃህን ግን እሱ እንዳወቀ ያድርገው።

ይህን የምጽፈው አውቶቡሴ ውስጥ፣ መጨረሻ ማቆሚያው ላይ ሆኜ ነው። አሥራ ሁለት ደቂቃ እረፍት አለኝ። ተሳፋሪው ሁሉ ወርዷል፣ አንድ ሰካራም ብቻ ኋላ ወንበር ላይ ያንኮራፋል። ብቀሰቅሰው ይሰድበኛል ብዬ ትቼዋለሁ። ፊደሌ ቢንጋደድ በመሪው ላይ አስደግፌ ስለምጽፍ ነው።

ጥያቄህን ስብሰባ ላይ አነሳሁት። ስብሰባችን በስልክ ቪዲዮ ነው፣ ሁላችንም በያለንበት ሆነን። ሥራ አስኪያጁ ራሱ መለሰልኝ፦ ማንም አይፈርምም! ከለኪው ስልክ ወደ አንተ ጆሮ፣ ከአንተ አፍ ወደ ማይክ፣ አለቀ። ማኅተም የለ፣ «ነገ ና» የለ። እማዬ ትሙት፣ እውነቴን ነው።

ጋሼ፣ አክሲዮኑን የገዛሁት ዘጠኝ ዓመት ስነዳ ባጠራቀምኳት ነው። እዚህ የኔ የምለው የለኝም። አውቶቡሱ የከተማው ነው፣ ክፍሉ የአከራዬ ነው፣ የምቀመጥበት ወንበር እንኳ በፈረቃ የሚነዱ የሦስት ሰዎች ቅርጽ ይዟል። አገር ቤት አንድ የኔ ነገር ይኑር ብዬ ነው። «ሬዲዮ አለኝ» ስላቸው ሹፌሮቹ «ስንት ባትሪ ይወስዳል?» እያሉ ይስቁብኛል። ይሳቁ።

ለእማዬ ሬዲዮ ልኬያለሁ፣ ቀይ ነው። «ቀይ የመረጥኩት ከሩቅ እንዲታይሽ ነው፣ እንዳትስቂብኝ» ብላለች በልልኝ። አንተ ደግሞ በቃ፣ ውጣ። ሃያ ሁለት ዓመት ተጫወቱብህ፣ አሁን ለራስህ ሰው ሥራ።

እረፍቴ አለቀ። ሰካራሙም ነቅቷል።

ታናሽህ ሚጣ


መስከረም 15

ለሚጣ፣

እንኳን ለአዲሱ ዓመት አደረሰሽ። ዓመቱን የሰላም ያድርግልሽ።

ወጣሁ። ኃላፊው መልቀቂያዬ ላይ ለመፈረም አንድ ደቂቃ አልፈጀበትም። ለካ እሱም ሲፈልግ ቶሎ መፈረም ይችላል!

አዲሱ ጣቢያ ፎቅ ላይ ነው፣ ከሥሩ ጫማ መሸጫ አለ። ግድግዳው በስፖንጅ ተሸፍኗል፣ የማነብበት ክፍል በመስታወት የታጠረ ነው። ወንበሩ ይሽከረከራል፣ የመጀመሪያ ቀን ማይኩን ጀርባ ሰጥቼ ስቆም ልጆቹ በሳቅ ሞቱ። «ፋዘር» ይሉኛል። ይበሉኝ።

አሁን ዋናውን ልንገርሽ። ሐምሌ 22 ጠዋት ለኪው «አራት ከሃያ» አለኝ። ስልኩን ሳልዘጋ በሌላው እጄ ማይኩን ከፈትኩ። ቁጥሩን ተናግሬ ከጨረስኩ በኋላ እንኳ በሩን አየሁ፣ የሚመጣብኝ ሰው ያለ መስሎኝ። ማንም አልመጣም።

ቅዳሜ ስወርድ ሰው ዳገት ላይ እንዴት እንዳደረ እያወራ ይስቃል። ውሃው ሁለት ጎተራና አንድ የዶሮ ቤት ወስዷል፤ ሰው ግን አንድም አልጎደለም። እናትሽ ቀዩን ሬዲዮ ታቅፋ ነው የወጣችው። «ድምፅህ ወፍሯል፣ ምን እያበሉህ ነው?» አለችኝ። አናጢው መጣና እጄን ያዘኝ፣ በዚያን ቀን ዓይኑን አየሁት። ቤቴ ተመልሼ እንደ ሕፃን አለቀስኩ።

ከወንዙ ቀጥሎ የሳሙና ማስታወቂያ ይገባል። እሱን ችዬዋለሁ፣ ሰውም መታጠብ አለበት። ተባረኪ ልጄ፣ ከዚህ በላይ ምን እላለሁ።

ያጎትሽ ልጅ


ታኅሣሥ 9

ለማከብርህ ጋሼ፣

ሰላምታዬ ባለህበት ይድረስህ። ደብዳቤህ ደርሶኛል፣ ደስ ብሎኛል። እዚህ ብርዱ አይጣል ነው፣ ጣቴ መሪው ላይ ደርቆ ይቀራል።

ባለፈው ወር የባለድርሻዎች ስብሰባ ነበር። ስለ ጄኔሬተሩ ናፍጣ ብዙ ጭቅጭቅ ሆነ፣ ጣቢያው እየከሰረ ነው ይላሉ። አንዳንድ ማስተካከያ ተወስኗል። የቴክኒክ ነገር ነው፣ አንተን የሚያሳስብ አይደለም።

እማዬ ሌላ ቤት ብትፈልግ፣ ከፍ ካለ ቦታ፣ እስቲ ጠይቅልኝ። እንዲያው ለወደፊቱ ብዬ ነው። ቸኩያለሁ፣ ይቅርታ።

ሚጣ


የካቲት 8

ለሚጣ፣

ጤናሽ እንዴት ነው? እኛ አለን።

ቤት ትቀይር ያልሽውን ነገርኳት። «ምን ሆነች? ባሏን እዚህ ቀብራ እናቷ ወዴት ትሄዳለች?» አለች። እኔም ምን እንደሆንሽ ያኔ አልገባኝም ነበር።

ከዚያ «ባትሪው ደከመ» ብላ ላከችብኝ። ጉልበቴ አስሮኝ ቅዳሜ መውረድ ስላልቻልኩ ገዝቼ ላክሁ። በሳምንቱ «ይሄም ደከመ»። ደግሜ ላክሁ። በሦስተኛው «ባለሱቁ እያታለለህ ነው፣ አንተ ሞኝ» የሚል መልእክት መጣ። እኔ ሬዲዮ ቤት ያረጀሁ ሰውዬ ሱቅ ድረስ ሄጄ ባለሱቁን ሰው ፊት ሌባ አልኩት። ምስኪን፣ አዲስ እሽግ ከፍቶ በነፃ ሰጠኝ።

ቅዳሜ ወርጄ ሬዲዮውን ራሴ ከፈትኩት። ሽሽሽ ይላል። እንደከፈትኩ ይዤው በእግሬ ወደ ከተማ አቅጣጫ ሄድኩ። ከከተማ ሲቆጠር ሁለተኛው ኮረብታ ጫፍ ላይ ስደርስ የኛው ልጅ የቀዝቃዛ መጠጥ ማስታወቂያ ሲያነብ ጥርት ብሎ ተሰማኝ። ወደ መንደሩ ትንሽ ወረድ ስል ጠፋ። ወጣሁ፣ ተሰማ። ወረድኩ፣ ጠፋ። ከብት ጠባቂዎቹ አብዷል ብለውኛል።

ሰኞ ቴክኒሻኑን ያዝኩት። «ፋዘር፣ አልነገሩህም እንዴ? ከኅዳር ጀምሮ የማሰራጫው ኃይል በግማሽ ተቀንሷል። ናፍጣ ይቆጥባል። ማስታወቂያ የሚያወጡትም ከሁለተኛው ኮረብታ ወዲያ ገዢ የለም ብለዋል።» ማን ወሰነ ስለው «ባለቤቶቹ» አለኝ። ሥራ አስኪያጁ ዘንድ ገባሁ፣ ሻይ አዘዘልኝ። «ጋሼ፣ ከባለቤቱ ያወቀ ቡዳ ነው» ብሎ ሳቀ።

እንግዲህ ሦስት ወር ሙሉ ያነበብኩት ለከተማ ሰው ነው። ከተማው ዳገት ላይ ነው፣ ወንዝ መኖሩንም ረስቶታል። ከመንግሥት ወጥቼ ከድጡ ወደ ማጡ ገባሁ። እናትሽን ወደ መንግሥቱ ጣቢያ መልሺው ብያታለሁ፣ እሱስ እስከ ጠረፍ ይሰማል። በኔ ወንበር የተቀመጠው ልጅም ጎበዝ ነው፣ በየጠዋቱ ያነባል። ከአራት ሜትር በታች ከሆነ።

አንቺ ባለቤት ነሽ። ማን እንደወሰነው ጠይቂልኝ፣ አስመልሺው። ዝናቡ አራት ወር ነው የቀረው።

ያጎትሽ ልጅ


ሚያዝያ 30

ለሚጣ፣

ደብዳቤዬ ደረሰሽ ወይ? ታመምሽ ወይ? እናትሽ ክፉ ሕልም አየሁ እያለች ነው። ሌላውን ተዪው፣ «ደርሶኛል» ብለሽ አንዲት መስመር ጻፊ።

ያጎትሽ ልጅ


ሐምሌ 19

ለሚጣ፣

በመጀመሪያ እናትሽ በሕይወት አለች። የቀረውን ተቀምጠሽ አንብቢው።

ሰኔ ላይ በሰው እጅ የላክሽው ካርቶን ደርሷል። ሃያ አራት ባትሪ። ካርቶኑን ገልብጬ አራገፍኩት፣ ደብዳቤ የለውም። ባትሪው እንዳልሆነ ጽፌልሽ ነበር እኮ።

ያለፈው ሐሙስ ጠዋት ለኪው ደወለ። «አራት ከሰማንያ፣ ገና ይጨምራል» አለኝ። ወዲያው አነበብኩ። ሰባት ጊዜ አነበብኩ። የሳሙናውንም የመጠጡንም ማስታወቂያ አስቆምኩ፣ ሥራ አስኪያጁ በመስታወቱ በኩል እጁን ያወናጭፍብኛል። ማን ይስማኝ? ጫማ ሻጩ ከሱቁ ወጣ፣ ሰማዩን አየ፣ ተመልሶ ገባ።

ከዚያ ወደ ድሮው ቢሮዬ ደወልኩ። በኔ ወንበር ያለው ልጅ ነው ያነሳው። «ጋሼ፣ ወረቀቱ እጄ ላይ ነው፣ ፊርማ እየጠበቅሁ ነው» አለኝ። «አንብበው ልጄ» አልኩት። «እርስዎ ሳይፈረም አንብበው ያውቁ ነበር?» አለኝ። ስልኩን ዘጋሁት።

መኪና ለምኜ ወረድኩ። መንገዱ ተቆርጦ ነበር። ውሃው ማዶ ለማዶ ቡናማ ሆኖ ሲሄድ ቆሜ አየሁ፣ ጣሪያ ሲያልፍ አየሁ፣ የማን ቤት እንደሆነ በቆርቆሮው ቀለም ለመለየት ስሞክር ነበር።

እናትሽን ያወጣት አናጢው ነው። በር ነቅሎ፣ በሩ ላይ አስተኝቷት፣ እየዋኘ ገፍቶ ትምህርት ቤቱ ጣሪያ ላይ አደረሳት። ጎረቤቷ ልብስ ሰፊዋ ከነሁለት ልጆቿ ሞታለች። ሌሎችም ሁለት አሉ። የመንግሥቱ ጣቢያ በሦስት ሰዓት ከሩብ አነበበው። ቤታችሁ የለም። እናትሽ እኔ ጋ ናት፣ አልጋዬ ላይ ትተኛለች፣ ቀኝ ትከሻዋ ተሰብሯል።

ገንዘብ አልጠይቅሽም። የምጠይቅሽ የየካቲቱን ነው። ማን ወሰነ?

ያጎትሽ ልጅ


ነሐሴ 14

ጋሼ፣

ሰላም ለማለት አፍሬ ነው በደፈናው የጀመርኩት።

ደብዳቤዎችህ ሁሉ ደርሰውኛል። ልመልስልህ ስጀምር እቀድ ነበር። ባትሪውን የላክሁት ምን እንደምልክ ቢጠፋኝ ነው፣ ሱቅ ገብቼ ስቆም ዓይኔ እሱ ላይ አረፈ።

ማን ወሰነ ላልከው፣ እኔ ነኝ። አርባ ሰው ነን ግን እኔ ነኝ። ኅዳር ላይ፣ መጨረሻ ማቆሚያው ላይ ቆሜ፣ ስልኩን መሪው ላይ አስደግፌ። ናፍጣው ካልተቀነሰ ጣቢያው በስድስት ወር ይዘጋል አሉን፣ ያ ውሸት አይደለም። ካርታ አሳዩን። ክብ ተሠርቶበታል፣ ክቡ ሁለተኛው ኮረብታ ላይ ያበቃል። ጋሼ፣ አልገባኝም ነበር ብዬ ልዋሽህ አልችልም። የእማዬን መንደር በዓይኔ ፈለግሁት፣ አገኘሁት፣ ከክቡ ውጭ ነበር። «ለእነሱ የመንግሥቱ አለላቸው» ብዬ አሰብኩ። ዘጠኝ ዓመት የለፋሁባት ነገር ስትጠፋ ታየኝ። ድጋፍ ያላችሁ እጅ አውጡ ሲሉ አወጣሁ። ከዚያ ሰዓቴ ደርሶ አውቶቡሱን አስነሳሁ።

የልብስ ሰፊዋ ልጆች ከዓይኔ አይጠፉም። አንዷን ድሮ በላክልኝ ደብዳቤ ላይ «ቆንጆ ሆናለች» ብለህ ጽፈህልኝ ነበር።

ለቤቱ ማሠሪያ ያለኝን ልኬያለሁ። አንድ ነገር እለምንሃለሁ፣ እግርህ ላይ ወድቄ። የካርታውን ነገር ለእማዬ አታንብብላት። «ስብሰባ ላይ ተወሰነ» ብቻ በላት።

ሚጣ


መስከረም 6

ለሚጣ፣

ደብዳቤሽን አነበብኩላት። ሁሉንም። አታንብብ ያልሽውንም፣ አታንብብ ማለትሽንም።

ሃያ ሁለት ዓመት ይህን አታንብብ ሲሉኝ እሺ ብያለሁ። ያለፈውን ዓመት ደግሞ ማንም ለማይሰማው አነበብኩ። ደክሞኛል ልጄ። ቤቴ ውስጥ፣ አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀምጬ፣ ለአንዲት ሰሚ እንኳ ሳልቆርጥ ላንብብ ብዬ ነው። ከፈለግሽ ተቀየሚኝ።

ስጨርስ «ካርታው ላይ ፈልጋኛለች?» አለች።

«አዎ።»

«አገኘችኝ?»

«አዎ።»

«ከዚያ ነው እጇን ያወጣችው?»

«አዎ አክስቴ።»

ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች። ሁለት ቀን አላናገረችኝም። ስታለቅስ ሰምቻታለሁ፣ አንቺን ስትረግም ግን አልሰማሁም። በሦስተኛው ቀን ቁርስ ሳቀርብላት «ያንን ነገሯን ለኔ ታዙርልኝ» አለች። አክሲዮኑን ማለቷ ነው። ምን እንደሆነ ታውቂያለሽ ወይ አልኳት። «እጅ ማውጫ ነው አላልከኝም?» አለች። «ቤቱን አናጢው ይሠራልኛል። ገንዘቧን ለልብስ ሰፊዋ እናት ስጡ። ለኔ እጅ ማውጫውን ትስጠኝ።»

ልመልሳት ሞከርኩ። አንድ ድርሻ ከአርባው ምን ያደርጋል አልኳት። «አንተ ዝም በል» አለችኝ።

እኔም ያለችውን ጻፍኩልሽ።

ያጎትሽ ልጅ


ጥቅምት 28

ለማከብርህ ጋሼ፣

ወረቀቱን አስፈርሜ ልኬያለሁ። የቀረው እሷ መቀበሏን ውል ቢሮ ሄዳ ማረጋገጥ ነው። ሌሎቹ ባለድርሻዎች አብደሻል አሉኝ። ስለ ካርታው ነገርኳቸው፣ ጥቂቱ ስልኩን ዘጋ።

አሁን እዚያ የኔ የምለው እማዬ ብቻ ናት፣ እሷም እንደድሮው የኔ መሆኗን አላውቅም። ከአፏ አንዲት ቃል ላክልኝ ጋሼ። ስድብም ቢሆን።

ሚጣ


ኅዳር 25

ለሚጣ፣

ጤና ይስጥልኝ። ማክሰኞ ውል ቢሮ ወሰድኳት። አግዳሚው ላይ ከጠዋት እስከ ቀትር ተቀመጥን፣ ተራችን ሲደርስ ደጋግፌ አስነሳኋት። ትከሻዋ አልገጠመም፣ ቀኝ እጇ ከደረቷ በላይ አይወጣም። መጀመሪያ ያለችው «በግራም ይቆጠራል ወይ?» ነው። ጸሐፊው ስለምን እንደምታወራ አልገባውም፣ «አሻራ ነው እማማ፣ በየትኛውም ይሆናል» አላት።

ስሟን ጻፈ፣ ዕድሜዋን ጻፈ። «ሥራ?» አላት።

«ሬዲዮ እሰማለሁ።»

ሰውዬው ሳቀ። «እሱ ሥራ አይደለም እማማ። የቤት እመቤት ልበል?»

«ቤቱን ውሃ ወስዶታል። ሬዲዮ እሰማለሁ ብዬሃለሁ፣ ጻፍ።»

እኔን አየኝ። ጻፈው፣ በግራ አውራ ጣቷ አተመችበት።

ስንወጣ ደረጃው ላይ አረፍ አልንና ከአፏ አንዲት ቃል ላክልኝ ማለትሽን ነገርኳት። እኔ ሰው ነኝና ይቅር ብያታለሁ እንድትል ጠብቄ ነበር፣ አልዋሽሽም።

«ስብሰባው መቼ ነው በላት» አለች።

ሌላ አልጨመረችም። ቀኑን ጻፊልን፣ ከዝናቡ በፊት ይሁን።

ያጎትሽ ልጅ